ቅያሪው ራሱ ርካሽ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ለምን ይዘገያል? የኮንቴክስት ስዊች ወጪን ስለ መቀነስ

ጥያቄ፦ እንዝርት

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ቀን ሳሰላው ቆይቼ በራሴ መፍታት ያልቻልኩትን ጉዳይ ላቅርብላችሁ። 8 ኮር (ራሱን የቻለ የፕሮሰሰር የማስሊያ ክፍል) ባለው ሰርቨር ላይ፣ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም አለኝ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ትሬድ (ራሱን ችሎ የሚሄድ የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) ስለሚከፍት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የትሬዶቹ ቁጥር 400 ይደርሳል። ቪኤምስታት በተባለው የሊኑክስ መከታተያ ስመለከተው የኮንቴክስት ስዊች (ኮሩ አንዱን ትሬድ አቁሞ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ሂደት)፣ ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ቅያሪ» የምለው፣ ቁጥር በሰከንድ 180,000 አካባቢ ነው። በዚያን ሰዓት ስምንቱም ኮሮች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ።

አንድ ቅያሪ 2 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል የሚለውን የተለመደ ግምት ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት። 180,000 ለ8 ሲካፈል ለአንድ ኮር 22,500 ቅያሪ ይደርሰዋል። ይህ በሰከንድ 45 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከኮሩ ጊዜ 4.5 በመቶ ብቻ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ቅያሪው የሚያሳስብ አልነበረም። ነገር ግን ያንኑ የሥራ መጠን በ8 ትሬዶች ብቻ እንዲሠራ አድርጌ ስለካው ሥራው በቀድሞው ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ተጠናቀቀ። በስሌቴ 4.5 በመቶ የነበረው ብክነት በልኬት አንድ ሦስተኛ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ መፍትሔውን ይመለከታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስኬጁለሩ (የትኛው ትሬድ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው የሊኑክስ ክፍል) ለእያንዳንዱ ትሬድ የሚሰጠውን የጊዜ ድርሻ ብናስረዝም ቅያሪው ይቀንሳል ይለኛል። ሌላዋ ደግሞ ቅያሪን በፍጥነት የሚያከናውን አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ይሻላል ባይ ናት። ሁለቱም ሐሳብ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ገንዘብና ጊዜ ከማጥፋቴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።


መልስ፦ ቆጣሪ

በስሌትዎ ውስጥ ስሕተት የለም፤ የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ስለያዘ ነው ከልኬትዎ ጋር ያልተገናኘው። ቅያሪ ሁለት ዓይነት ወጪ አለው። የመጀመሪያው በዚያው ቅጽበት የሚከፈለው ነው፦ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የሚወጣውን ትሬድ ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የዳታ መያዣዎች)፣ የስታክ ጠቋሚውንና ትሬዱ የደረሰበትን የመመሪያ አድራሻ ያስቀምጣል፤ ቀጣዩን ባለተራ ይመርጣል፤ የባለተራውን መዝገብ መልሶ ይጭናል። እርስዎ የያዙት 2 ማይክሮሰከንድ ለዚህኛው ክፍል የሚበቃ ግምት ነው። ሁለተኛው ወጪ ግን ቅያሪው ካለቀ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ስለሆነ «የቅያሪ ወጪ» ተብሎ የሚመዘገብበት ቦታ የለም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚስተው።

አዲሱ ባለተራ ሥራውን ሲጀምር ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ትንሽ ማከማቻ) ተይዞ ያገኘዋል። ከእሱ በፊት የነበረው ትሬድ ሲጠቀምበት የነበረ ዳታ እንጂ የእሱ ዳታ አይደለም ውስጡ ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ መመሪያዎች ዳታቸውን ከሩቅ እየጠበቁ ይፈጸማሉ። ይህ ለካሽ ብቻ አይደለም፤ የፕሮሰሰሩ የቅርንጫፍ ተንባይም (ፕሮግራሙ መንታ መንገድ ሲደርስ በየት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚገምተው ክፍል) የለመደው የቀድሞውን ትሬድ አካሄድ ስለሆነ ለጊዜው መሳሳት ያበዛል።

መጠኑን በግርድፉ እናስላው። 32 ኪሎባይት የሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ፣ አንዱ መስመር 64 ባይት ሲሆን፣ 512 መስመር ይይዛል። አንዱን መስመር ከሦስተኛው ደረጃ ካሽ ለማምጣት 40 ዑደት (የፕሮሰሰሩ ሰዓት ምት) ገደማ ይፈጃል ብንል፣ ሁሉንም እንደገና ለመሙላት 20,480 ዑደት ያስፈልጋል፤ በ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ወደ 7 ማይክሮሰከንድ ማለት ነው። ይህ ብቻውን ከቀጥተኛው ወጪ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ደረጃ ካሽ 1 ሜጋባይት ከሆነ ደግሞ 16,384 መስመር አለው። ዳታው ከሦስተኛው ደረጃም ወጥቶ ከዋናው ሜሞሪ የሚመጣ ከሆነና ለአንዱ መስመር 80 ናኖሰከንድ ብንይዝ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ቢመጡ 1.3 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ። በተግባር ፕሮሰሰሩ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚልክ፣ ወደፊት የሚፈለገውንም ገምቶ አስቀድሞ ስለሚያመጣ፣ ትሬዱም ሙሉውን 1 ሜጋባይት ላይነካው ስለሚችል እዚህ ቁጥር ላይ አይደረስም። እውነተኛው ወጪ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ይወድቃል፤ የት እንደሚወድቅ የሚወስነው ፕሮግራምዎ በአንድ ተራ የሚነካው የዳታ መጠን ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ቁጥር እንመለስ። በአንድ ኮር ላይ በሰከንድ 22,500 ቅያሪ ካለ አንድ ትሬድ በአማካይ የሚሠራው 44 ማይክሮሰከንድ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ባክኗል ካሉ፣ ለእያንዳንዱ ቅያሪ 15 ማይክሮሰከንድ ያህል ይደርሰዋል። ሁለቱን ቀጥተኛ ማይክሮሰከንዶች ሲቀንሱ 13 ይቀራል። ለካሽ ማሟሟቂያ 13 ማይክሮሰከንድ ከላይ ካየነው አንጻር የሚያስገርም አይደለም። እንደ እኔ ግምት የጠፋብዎ ጊዜ የገባው እዚያ ነው።

ግምቱን ለማረጋገጥ ሁለቱንም ሙከራዎች በፐርፍ ስታት (የፕሮሰሰሩን ቆጣሪዎች በሚያነብ የሊኑክስ መሣሪያ) ሥር ያስኪዷቸው። የተፈጸሙት መመሪያዎች ቁጥር በሁለቱ ተቀራርቦ፣ የዑደቶቹና የካሽ ስቶች (ዳታው በካሹ ውስጥ ያልተገኘባቸው ጊዜያት) ቁጥር ግን በ400ው ትሬድ ላይ እጅግ ከፍ ካለ፣ ምክንያቱ ከላይ የገለጽኩት ነው። የመመሪያዎቹ ቁጥር ራሱ በብዙ ከበለጠ ግን ተሳስቻለሁ፤ ያን ጊዜ ጊዜው የሚበላው በከርነሉ ውስጥ ነውና ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።


መልስ፦ ቀስበቀስ

ቆጣሪ ስለ ወጪው የተናገረውን ትቼ ስለ ባልደረባዎ ሐሳብ ልናገር። የጊዜ ድርሻን ማስረዘም የሚጠቅመው ትሬዶቹ የሚቀየሩት ድርሻቸውን ስለጨረሱ ከሆነ ብቻ ነው። የእርስዎ ግን እንዲህ ሊሆን እንደማይችል ከሰጡን ቁጥር ማየት ይቻላል።

ከ2.6.23 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2007 ወዲህ፣ ሊኑክስ ሲኤፍኤስ የተባለውን ስኬጁለር ሲጠቀም ቆይቶ በ2023 በወጣው 6.6 ወደ ኢኢቪዲኤፍ ተሸጋግሯል። በሁለቱም ዘመን 8 ኮር ባለው ማሽን ላይ ስኬጁለሩ በነባሪ የሚሰጠው ትንሹ ድርሻ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሁሉም ትሬድ ድርሻውን እስከ መጨረሻው ቢጠቀም በአንድ ኮር ላይ በሰከንድ ከ333 የበለጠ ቅያሪ አይኖርም፤ በስምንቱም ላይ ሲደመር 2,700 አይሞላም። እርስዎ ግን 180,000 አለዎት። ስለዚህ ድርሻውን ወደ ዘላለም ቢያስረዝሙት እንኳ የሚያተርፉት ከቅያሪዎቹ 1.5 በመቶ ቢሆን ነው። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፤ 400ውም ትሬዶች ለመሥራት ዝግጁ በሆኑበት ቅጽበት ድርሻው 10 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ በአንድ ኮር ላይ የተሰለፉት 50 ትሬዶች ናቸውና የመጨረሻው ባለተራ ግማሽ ሰከንድ ይጠብቃል።

የቀረው 98 በመቶ ከየት መጣ? ቅያሪ ፈቃደኛና አስገዳጅ ተብሎ ይለያል። ትሬዱ የሚጠብቀው ነገር ኖሮት፣ ቁልፍ (የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ መከላከያ) ተይዞበት ወይም ከኔትወርክ ዳታ እየጠበቀ፣ ራሱ ከተኛ ፈቃደኛ ነው። መሥራት እየፈለገ ከተነሣ አስገዳጅ ነው፤ ይህም ድርሻው ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን ከእንቅልፍ የነቃ ሌላ ትሬድ ሲያፈናቅለውም ይከሰታል። ከርነሉ ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥራል፤ ቁጥሩም በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ በእያንዳንዱ ትሬድ የስታተስ ፋይል መጨረሻ ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልጠቁም፦ በፕሮሰሱ (በሥራ ላይ ባለው ፕሮግራም) ቁጥር ሥር በቀጥታ ያለው የስታተስ ፋይል የሚያሳየው የዋናውን ትሬድ ቅያሪ ብቻ እንጂ የ400ውን ድምር አይደለም። ወደ ታስክ ንዑስ ማውጫ ገብተው የየትሬዱን ያንብቡ፤ ወይም ፒድስታት የተባለውን መሣሪያ በደብልዩና በቲ ምርጫዎች ያስነሡት።

ፈቃደኛው ከበዛ ጥፋቱን በስኬጁለሩ ላይ አይፈልጉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ነው «ቀይሩኝ» እያለ የሚጠይቀው። አስገዳጁ ከበዛ ደግሞ የትሬዶቹን ቁጥር መቀነስ፣ ወይም ምላሽ የማያስቸኩላቸውን ትሬዶች ባች በተባለው የስኬጁሊንግ መደብ ማስቀመጥ ይረዳል፤ በዚህ መደብ ያለ ትሬድ ሲነቃ ሌላውን ለማፈናቀል አይጣደፍም። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ይመለሱ።


መልስ፦ ባለሽቦ

እኔ የሃርድዌር ሰው ስለሆንኩ ከአዲሱ ፕሮሰሰር ወገን ሆኜ ትንሽ ልሟገት። ፕሮሰሰር ሠሪዎች የቅያሪን ወጪ ለመቀነስ የደከሙት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ነው፤ የተገኘው ውጤትም ቀላል አይደለም።

ከቅርቡ ልጀምር። ምናባዊ አድራሻን ወደ እውነተኛ አድራሻ የሚተረጉመው ቲኤልቢ የተባለው ትንሽ ማከማቻ ዱሮ በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ላይ በእያንዳንዱ የፕሮሰስ ቅያሪ ይጸዳ ነበር። ከጸዳ በኋላ እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ሲነካ ፕሮሰሰሩ አራት ደረጃ ያለውን የገጽ ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ኢንቴል በ2010 ዌስትሜር በተባለው ትውልድ ፒሲአይዲ የሚባል መለያ አስገባ፤ እያንዳንዱ የቲኤልቢ መዝገብ የማን እንደሆነ የሚናገር 12 ቢት ቁጥር ስለሚይዝ ማጽዳቱ ቀረ። የአርም ፕሮሰሰሮችም ኤኤስአይዲ በሚል ስም ተመሳሳይ መለያ አላቸው። በ12 ቢት 4,096 የአድራሻ ክልሎችን መለየት ይቻላል፤ የሚገርመው ግን ሊኑክስ ይህን መጠቀም የጀመረው በ2017፣ በ4.14 ሲሆን በአንድ ኮር ላይ በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰውም 6 የቅርብ ጊዜ ክልሎችን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ሬጅስተሮቹ እንሂድ። በ1976 የወጣው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤምኤስ9900 አጠቃላይ ሬጅስተሮቹን በቺፑ ውስጥ ሳይሆን በሜሞሪ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ፕሮሰሰሩ የሚይዘው ሬጅስተሮቹ የት እንደሚጀምሩ የሚያመለክት አንድ ጠቋሚ ነው። ቅያሪ ማለት ጠቋሚውን ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ብቻ ሆነ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ እያንዳንዱ ተራ መመሪያ ለሬጅስተር ብሎ ወደ ሜሞሪ መመላለስ ነበረበት። ለአልፎ አልፎው ቅያሪ ሲባል የዘወትሩን ሥራ ማዘግየት ይሉታል ይህ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ዛይሎግ ዚ80 መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ሁለት የሬጅስተር ስብስብ በቺፑ ላይ አኖረና በአንድ ሁለት መመሪያ እንዲለዋወጡ አደረገ። ኢንቴል በ80286 ላይ ሙሉ የታስክ ቅያሪን በሃርድዌር የሚሠራ ዘዴ አስገብቶ ነበር፤ ሆኖም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ የሚፈልጉትን ብቻ መርጠው በሶፍትዌር ማስቀመጥ የተሻለ ሆኖ ስላገኙት ተዉት። በ64 ቢቱ የአሠራር ሁኔታም ያ ዘዴ ጨርሶ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ቅያሪን በየዑደቱ የሚያደርጉትን ነው። የ1964ቱ ሲዲሲ 6600 አሥር የግብዓትና ውጤት ረዳት ፕሮሰሰሮች ነበሩት፤ አሥሩም አንድ የማስሊያ ክፍል እየተዟዟሩ ይጋሩ ነበር። ቴራ ኤምቲኤ ይህን አሠራር ወደ 128 የመመሪያ ጅረት በአንድ ፕሮሰሰር አሳደገው፤ አንዱ ሜሞሪ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል እንጂ የሚቀመጥም የሚጫንም ነገር የለም። የሰን ኒያጋራ በ2005 በ8 ኮር ላይ 32 ትሬድ ያዘ። የዛሬዎቹ የግራፊክስ ፕሮሰሰሮችም ፍጥነታቸውን በከፊል የሚያገኙት ከዚሁ ነው፤ የሁሉም ትሬዶቻቸው ሬጅስተር ምንጊዜም በቺፑ ላይ ስላለ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው መሻገር ምንም አያስከፍላቸውም።

ስለዚህ ባልደረባዎ ስለ ፕሮሰሰር ያነሡት ነገር መሠረት አለው። ያለዎት ማሽን የቆየና ፒሲአይዲ የሌለው ከሆነ አዲሱ ለውጥ ያመጣል ባይ ነኝ።


መልስ፦ ቆጣሪ

ባለሽቦ ያነሣው ታሪክ የሚጥም ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ጠያቂው ያላቸው አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ 400 ትሬዶች ናቸው። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ትሬዶች የአድራሻ ክልል ይጋራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ከርነሉ የገጽ ሰንጠረዡን አይቀይርም፤ ቲኤልቢውም አይጸዳም። ስለዚህ ፒሲአይዲ ኖረም አልኖረም እነዚህን ቅያሪዎች አይነካቸውም።

አንድ ሁኔታ ግን አለ። በጥር 2018 ሜልትዳውን የተባለው የደኅንነት ክፍተት ከታወቀ በኋላ ሊኑክስ ለተጋላጭ ፕሮሰሰሮች የከርነሉን የገጽ ሰንጠረዥ ከተጠቃሚው ለየው፤ በዚህም ምክንያት በእነዚህ ማሽኖች ላይ ትሬድ ቢቀየርም ባይቀየርም እያንዳንዱ ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥያቄ) ሲገባም ሲወጣም ሰንጠረዥ ይቀየራል። ፒሲአይዲ እዚህ ቦታ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ያለ እሱ በየሲስተም ኮሉ ቲኤልቢው ይጸዳ ነበር። ይህ ግን የሲስተም ኮል ወጪ እንጂ የቅያሪ ወጪ ስላልሆነ ሁለቱን ባናምታታ ጥሩ ነው።

ቲኤልቢን በሚመለከት ለጠያቂው የሚቀርበው መፍትሔ ምንም ግዢ የማይፈልገው ነው። ስካይሌክን በመሰለ ፕሮሰሰር ላይ የሁለተኛው ደረጃ ቲኤልቢ 1,536 መዝገብ አለው። በ4 ኪሎባይት ገጽ ይህ የሚሸፍነው 6 ሜጋባይት ሜሞሪ ነው፤ በ2 ሜጋባይት ትላልቅ ገጾች ግን ያው መዝገብ 3 ጊጋባይት ይሸፍናል። ትሬዶችዎ በየተራቸው የተለያየ የሜሞሪ ክፍል የሚነኩ ከሆነ ትላልቅ ገጾችን ማብራት ይሞከር።


መልስ፦ ባለሽቦ

ትክክል ነው፤ ትሬድና ፕሮሰስን አምታትቼአለሁ። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ሆኖም በትሬዶች መካከልም የሚቆይ አንድ የሃርድዌር ወጪ አለና እሱን ላክል፤ የቬክተርና የተንሳፋፊ ነጥብ ሬጅስተሮች ናቸው። ኤስኤስኢ የተባለው የኤክስ86 የቬክተር መመሪያ ስብስብ 16 ሬጅስተር እያንዳንዱ 16 ባይት፣ በድምሩ 256 ባይት ነበረው። ኤቪኤክስ 512 ደርሶ 32 ሬጅስተር እያንዳንዱ 64 ባይት ሆነና 2 ኪሎባይት ሞላ። ዱሮ ከርነሎች እነዚህን የሚያስቀምጡት አዲሱ ትሬድ ሊነካቸው ሲሞክር ብቻ ነበር፤ ካልነካቸው ወጪው ይቀራል። በ2018 ይህ ስንፍና የቀድሞውን ትሬድ ሬጅስተር ይዘት በግምታዊ አፈጻጸም (ፕሮሰሰሩ ያስፈልጋሉ ብሎ የገመታቸውን መመሪያዎች አስቀድሞ በማስኬዱ) በኩል ለማንበብ በር እንደሚከፍት ታወቀ። ሊኑክስ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አብዛኛው ፕሮግራም ቬክተር ሬጅስተሮችን ስለሚነካ ማዘግየቱ ትርፍ እንደሌለው ተረድቶ፣ ሁልጊዜ ወደ ማስቀመጥ ዞሮ ነበር። አዲሶቹ የማስቀመጫ መመሪያዎችም ያልተለወጠውን ክፍል ራሳቸው ይዘሉታል።

በአንጻሩ በጥቃቅን መሣሪያዎች ላይ ያው ስንፍና ዛሬም ሕያው ነው። የአርም ኮርቴክስ ኤም4 ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ምልክት) ሲመጣ ስምንት ሬጅስተሮችን በራሱ ስታክ ላይ ይከምራል፤ ለተንሳፋፊ ነጥብ ሬጅስተሮች ግን ቦታ ይዞ ብቻ ያልፍና ኢንተራፕቱን የሚያስተናግደው ኮድ ካልነካቸው ሳይጽፋቸው ይመለሳል። አንዱ ኢንተራፕት እንዳለቀ ሌላ እየጠበቀ ከሆነም የከመረውን አራግፎ እንደገና አይከምርም፤ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።


መልስ፦ እንዝርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጥሮቹን ይዤ ተመልሻለሁ።

በፐርፍ ስታት የመመሪያዎቹ ቁጥር በሁለቱ ሙከራዎች በጣም ተቀራራቢ ሲሆን የካሽ ስቱ ግን በ400 ትሬዶቹ ላይ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የቆጣሪ ግምት ልክ ነበር። ቅያሪዎቹን በትሬድ በትሬድ ስደምር ከ100 ውስጥ 97ቱ ፈቃደኛ ናቸው። ቀስበቀስ ያለውን የፋይል ነገር ባላነብ ኖሮ የዋናውን ትሬድ ቁጥር ብቻ አይቼ «ቅያሪ የለም» ብዬ ነበር የምመለሰው።

ምንጩንም በፐርፍ ስኬድ ተከታትዬ ደረስኩበት። እያንዳንዱ ትሬድ አንድ ጥያቄ ባስተናገደ ቁጥር ወደ ጋራ ወረፋ አንድ የመዝገብ መስመር ይጨምራል። ወረፋው በአንድ ቁልፍ ይጠበቃል። መስመር በገባ ቁጥር ደግሞ ወደ ዲስክ የሚጽፈው ትሬድ ይቀሰቀሳል፤ አንድ መስመር ጽፎ ተመልሶ ይተኛል። በቁልፉ ላይ የሚሻሙትም እንዲሁ ይተኛሉ፣ ይነቃሉ። ይህን ኮድ ከዓመታት በፊት የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የማማርረው ሌላ ሰው የለም።

አሁን ያሰብኩት ቁልፉን በስፒን ቁልፍ መተካት ነው። ትሬዱ ከሚተኛ ይልቅ ቁልፉ እስኪለቀቅ እዚያው እየዞረ ቢጠብቅ ቅያሪ አይኖርም። ይህ ያዋጣል?


መልስ፦ ቀስበቀስ

እንዳለ ከተኩት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስፒን ቁልፍ የሚያዋጣው ቁልፉን የያዘው ትሬድ በሌላ ኮር ላይ በሥራ ላይ ካለና በቶሎ የሚለቅ ከሆነ ነው። እርስዎ በ8 ኮር ላይ 400 ትሬድ አለዎት። ቁልፉን የያዘው ትሬድ ተነሥቶ ወረፋ ላይ ቢቀመጥና በስምንቱም ኮሮች ላይ ያሉት ትሬዶች እሱን እየጠበቁ ቢዞሩ፣ ድርሻቸው እስኪያልቅ ድረስ ማሽኑ በሙሉ ምንም ሳይሠራ ይግላል። በቪኤምስታት ላይ የቅያሪው ቁጥር ያምራል፤ ሥራው ግን ቆሟል። ከርነሉ በራሱ ውስጣዊ ቁልፎች ላይ የያዘው ትሬድ በሥራ ላይ መሆኑን እያየ ነው የሚዞረው፤ ተራ ፕሮግራም ግን ይህን ማየት አይችልም።

የሚያዋጣው የሁለቱ ቅልቅል ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ አንድ ቅያሪ የሚያስከፍለውን ያህል ጊዜ ይዙሩ፣ ካልተለቀቀ ይተኙ። ቁልፉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተለቀቀ ቅያሪ አተረፉ፤ ካልተለቀቀም የከፈሉት የዙረቱን ጊዜና የቅያሪውን ነው፤ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ የወደፊቱን አውቆ ከሚወስን ሰው ወጪ ከሁለት እጥፍ አይበልጥም። በሊኑክስ የጂሊብሲ ቤተ መጻሕፍት አዳፕቲቭ የሚባል የሚውቴክስ (የቁልፍ) ዓይነት ለጥቂት ጊዜ ዞሮ የሚተኛ ነው፤ ከአንድ መስመር ለውጥ አያልፍም።

ነገር ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን ከቁልፉ በፊት ወረፋውን ነበር የምነካው። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ትንሽ ቋት ይኑረው። መስመሮቹን እዚያ ያከማችና 64 ሲሞሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጋራው ወረፋ ያስረክብ። ጸሐፊው ትሬድ ደግሞ በየመስመሩ ከሚቀሰቀስ በየ5 ሚሊሰከንዱ በራሱ ነቅቶ ያለውን ሁሉ ይጻፍ። ቁልፉ የሚያዘው በ64 አንድ ጊዜ ከሆነ ሽሚያው ራሱ ስለሚጠፋ የቁልፉ ዓይነት ብዙም አያሳስብም። ጉዳቱን ግን ይወቁት፦ ፕሮግራሙ በድንገት ቢወድቅ በቋቶቹ ውስጥ ያለው መዝገብ ይጠፋል። መዝገቡ የክፍያ ወይም እንዲህ ያለ የማይጠፋ ነገር ከሆነ ይህን አያድርጉት። ለተራ የክትትል መዝገብ ከሆነ ግን ልውውጡ ተገቢ ነው እላለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ 64 ሳይሞላ የሚቆይ መስመር እንዳይኖርም በጊዜ ገደብ የሚያስረክብ ነገር ይጨምሩበት።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፈቃደኛ ቅያሪ ከኔትወርክ የሚመጣ ነው። ለእሱ ከ2002 ጀምሮ በሊኑክስ ያለው ኢፖል ይበቃል፤ ስምንት ትሬዶች ብቻ ይኑሩ፣ እያንዳንዱ 50 ያህል ግንኙነቶችን በአንድ ላይ ይጠብቅ። አንዱ ግንኙነት ዳታ ባይኖረው ትሬዱ አይተኛም፤ ዳታ ወዳለው ይሻገራል፤ የሚተኛው ሁሉም ባዶ ሲሆኑ ብቻ ነው። በ2019 ከ5.1 ጋር የመጣው አይኦ ዩሪንግ ደግሞ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ሲስተም ኮል ለማስረከብ ያስችላል።

ኮዱን እንዲህ መገልበጥ ከባድ ከሆነብዎ በተጠቃሚው ክልል የሚቀያየሩ ቀላል ትሬዶች ያሏቸው ቋንቋዎች አሉ፤ ጎ ከጅምሩ ጎሩቲን አለው፣ ጃቫም በ2023 በወጣው 21ኛ እትሙ ቨርቹዋል ትሬድን አጽድቋል። ቅያሪው ወደ ከርነል ስለማይገባ፣ አብዛኛውን ጊዜም ኮዱ ራሱ በሚያውቀው ቦታ ላይ ስለሚደረግ የሚቀመጡት ሬጅስተሮች ጥቂት ናቸው፤ ስታካቸውም ትንሽ ነው፣ የጎሩቲን በ2 ኪሎባይት ይጀምራል። ይሁን እንጂ ቆጣሪ ያለውን አይርሱ፤ ካሹ የከርነል ትሬድና ጎሩቲን አይለይም። 400 ጎሩቲኖች እያንዳንዳቸው ሰፊ ዳታ እየነካኩ በየ44 ማይክሮሰከንዱ ቢቀያየሩ ቀጥተኛው ወጪ ይቀንሳል እንጂ ትልቁ ወጪ እዚያው ይቀመጣል።

ትሬዶችን በኮር ማሰር ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል፤ ምክሩ በየቦታው ይሰጣልና። ስምንት ትሬድ በስምንት ኮር ሲሆን ትሬዱን ከሞቀ ካሹ ጋር ስለሚያቆየው ጥሩ ነው። በ400 ትሬድ ላይ ግን አይሞክሩት፤ አንዱ ኮር ወረፋ ሲበዛበት ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ስኬጁለሩም እጁ ስለታሰረ ማካፈል አይችልም።


መልስ፦ እንዝርት

ቋቱን በትሬድ በትሬድ አድርጌ፣ የጸሐፊውን መቀስቀስም በየ5 ሚሊሰከንዱ አደረግኩት። መዝገቡ የክትትል ብቻ ስለሆነ ጥቂት መስመር ቢጠፋ አያሳስበኝም። በዚያው በተጨናነቀው ሰዓት ቅያሪው በሰከንድ ወደ 30,000 ወርዷል፤ ለአንድ ኮር 3,750፣ ማለትም አንድ ትሬድ በአማካይ 267 ማይክሮሰከንድ ይሠራል ማለት ነው። ሥራው አሁን በ8 ትሬድ ከለካሁት ጋር ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ቁልፉን አልነካሁትም፣ የጊዜ ድርሻውንም እንዳለ ትቼዋለሁ፣ የፕሮሰሰሩ ግዢም ለጊዜው ቆሟል። የቀረውን በኢፖል እቀጥላለሁ።

አንድ የማይገባኝ ነገር ግን አለ። ቪኤምስታትን ባስነሣሁ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር አሁንም ከ100,000 በላይ ቅያሪ ያሳያል፤ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ነው 30,000 የሚሆነው። የፈጠርኩት ሌላ ችግር ይኖር ይሆን?


መልስ፦ ቆጣሪ

የለም። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው፤ ያለፉት ቀናት ቅያሪ በሙሉ ውስጡ አለ። እሱን ትተው ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ያንብቡ።